ወቀራ፣ ውቅርና መውቀሪያ፦ ከወፍጮ ድንጋይ እስከ በረዶ መንሸራተቻ

1. የጥያቄው መነሻ

በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር፣ በቶሪኖ፣ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወክላለች። ተወካይዋ በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም ሲሆን፣ የተወዳደረውም በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ነበር። ይኸው ስፖርተኛ በየካቲት 2002 ዓ.ም. በካናዳ፣ በቫንኩቨር፣ በተደረገውም ውድድር ብቸኛው የኢትዮጵያ ተወካይ ሆኖ ቀርቧል።

ስለዚህ ስፖርት በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አንዳንዱን ቃል ያለ ችግር ያገኘዋል። «አገር አቋራጭ» የሚለው ሐረግ ከሩጫው ዓለም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አንዳንዱ ቃል ደግሞ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ «ክረምት» በእኛ ዘንድ የዝናብ ወራት እንጂ የበረዶ ወራት አይደለምና። ከሁሉ የሚከብደው ግን ወደ ሙያው ውስጥ ሲገባ ነው። የበረዶ ሸርተቴ ባለሙያዎች ከውድድር በፊት በእጅ መሣሪያ የመንሸራተቻውን ታችኛ ገጽ በጥቃቅን ትልሞች ይሸፍኑታል። ይህ በገጹ ላይ የሚወጣው የትልም ሥርዓት በእንግሊዝኛው አጠራር «ስትራክቸር» ይባላል። ቃሉን በቀጥታ ለሚተረጉም ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት አቻ «መዋቅር» ነው። አንባቢው ግን «የመንሸራተቻው መዋቅር» የሚል ቢያነብ፣ ዕቃው ከምን ከምን እንደ ተሠራና ክፍሎቹ እንዴት እንደ ተገጣጠሙ የሚነገረው ይመስለዋል እንጂ በገጹ ላይ ስለ ወጡ ትልሞች መሆኑን አይገምትም።

በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው፣ ለዚህ ሥራ የሚስማማው ግስ በአማርኛ ከጥንት ጀምሮ ያለ መሆኑን ነው። ግሱም «ወቀረ» ነው። የሚሠራበትም ቦታ ሩቅ አይደለም፤ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ወፍጮ ባለበት ሁሉ ይሰማል። ስለሆነም አስቀድመን ግሱን በወፍጮው ላይ፣ ቀጥለንም ከጎረቤቶቹ ግሶች ጋር እንመረምራለን፤ ከዚያ በኋላ ወደ በረዶ መንሸራተቻው እንሻገራለን።

2. «ወቀረ» በወፍጮ ላይ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው ጎዳና ላይ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ግንጪ፣ አምቦ፣ ጉደርና ጌዶ ተከታትለው ይገኛሉ። አካባቢው የጤፍ፣ የስንዴ፣ የገብስና የበቆሎ አገር ነው። እህል ባለበት ወፍጮ አለ፤ ወፍጮ ባለበትም ወቀራ አለ። በእነዚህ ከተሞች አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ የወፍጮው ስም በሁለቱም ቋንቋ ይሰማል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው የወፍጮውን ድንጋይ «ዸጋ ዳኩ» ይለዋል።

የእጅ ወፍጮ ሁለት ድንጋዮች አሉት። ሰፊውና ከቦታው የማይንቀሳቀሰው ታችኛው ድንጋይ «ወፍጮ» ይባላል። በሁለት እጅ ተይዞ የሚመላለሰው ላይኛው ድንጋይ «መጅ» ነው። እህሉ በሁለቱ መካከል ሲታሽ ድንጋዮቹም አብረው ይታሻሉ። ከብዙ ቀን ሥራ በኋላ ገጹ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ወፍጮ እህሉን መያዝ ትቶ ያንሸራትተዋል፤ ፈጪዋ ድካሟ ይበዛል፣ ዱቄቱም የሚፈለገውን ያህል አይልምም። በዚህ ጊዜ «ወፍጮው መወቀር አለበት» ይባላል።

ወቀራው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የድንጋዩ ገጽ ይጠረጋል። ከዚያ በኋላ ከወፍጮው የጠነከረ ሹል ድንጋይ ወይም ጫፉ የሾለ ብረት ተይዞ ገጹ ከዳር እስከ ዳር በቀላልና በተከታታይ ምት ይመታል። እያንዳንዱ ምት አንድ ጥቃቅን ጉድጓድ ይተዋል፤ ጉድጓዶቹም ተቀራርበው ገጹን በሙሉ ይሸፍኑታል። ምቱ ከሚገባው በላይ ከበረታ ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሳትፈጭ ትቀራለች። ምቱ ከላላ ደግሞ ወቀራው ቶሎ ይጠፋል። ሥራው ሲያበቃ ብናኙ ተጠርጎ ድንጋዩ ይታጠባል፤ የመጀመሪያው እፍኝ እህልም ተፈጭቶ ይጣላል፤ የድንጋይ ብናኝ ከዱቄቱ እንዳይገባ ነው።

በወፍጮ ቤቶች በሞተር ወይም በኤሌክትሪክ የሚዞሩት ክብ ድንጋዮችም ከዚህ ሥራ ነጻ አይደሉም። ላይኛው ድንጋይ ተነሥቶ፣ የሁለቱም ገጽ በመዶሻና በመሮ ይወቀራል። ስለዚህ «ወፍጮው ዛሬ ተወቅሯል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለእህል አስፈጪው ሁለት መልእክት ይይዛል። አንደኛው፣ ወፍጮው አሁን በደንብ ይፈጫል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከእርሱ በፊት ሌላ እህል ቢፈጭ ይሻለዋል የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ወቀረ» ለሚለው ግስ ምሳሌ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ከወፍጮው ጋር አብረው የሚኖሩ ሌሎች ግሶችም ለርእሳችን ይጠቅማሉ። ባቄላና አተር ይከካል፤ ውጤቱም ክክ ነው። እህል በጎላ በጎላው ሲፈጭ ይሸረከታል፤ ውጤቱም ሽርክት ነው። ዱቄት ይፈጫል፣ ይልማል፣ ሲያስፈልግም ተመልሶ ይሰለቃል። እነዚህ ግሶች የሚለዩት በፍጩ ደቃቅነት ደረጃ ነው። ሙያተኛዋም ወቀራዋን የምትመጥነው ለየትኛው ደረጃ እንደምትፈልገው አስባ ነው። ይህ ሐሳብ፣ ማለትም የገጹ ሸካራነት እንደሚሠራበት ነገር ባሕርይ ይለያያል የሚለው፣ በበረዶውም ላይ መልሶ ያጋጥመናል።

3. ግሱና ጎረቤቶቹ

«ወቀረ» ከግእዝ ጋር የምንጋራው ግስ ነው። በግእዝ ድንጋይ መፈልፈልንና መቅረጽን ያመለክታል። የአማርኛው ወንጌል የአርማትያስ ሰው ዮሴፍ ያዘጋጀውን መቃብር ከዓለት የተወቀረ ያደርገዋል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት «ውቅር» የምንላቸውም ከአንድ ዓለት ተፈልፍለው ስለ ወጡ ነው። በትግራይ የምትገኘው የውቅሮ ከተማ ስምም ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው። በቅርብ ዘመን ደግሞ «ተዋቀረ»፣ «አዋቀረ»፣ «መዋቅር» የሚሉት ቃላት ለድርጅትና ለሰዋስው አገልግሎት ውለዋል፤ በእጅ ስልኮችና በኮምፒዩተሮች ላይም «ማዋቀር» እና «ውቅረት» የሚሉ ቃላት እናነባለን።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሥሩ ሦስት አቅጣጫ መያዙን ነው። አንደኛው ዓለትን ፈልፍሎ ቅርጽ ማውጣት፣ ሁለተኛው የወፍጮን ገጽ ማሻከር፣ ሦስተኛው ክፍሎችን በሥርዓት ማደራጀት ነው። ሦስተኛው በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ስለሚነገር ጎልቷል። ሁለተኛው በማእድ ቤትና በወፍጮ ቤት ስለሚነገር ከጽሑፍ ርቆ ቆይቷል። የቃሉን የእጅ ሙያ ፍቺ የጠበቁት ግን ወፍጯቸውን የሚወቅሩት ሴቶችና ባለ ወፍጮዎቹ ናቸው።

ለስያሜ ሥራ ግሱን ከጎረቤቶቹ መለየት ያስፈልጋል።

«ጠረበ» የዕቃውን ቅርጽ ይለውጣል። በአምቦ አካባቢ የሚወጣውና በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ላይ የምናየው የአሸዋ ድንጋይ ይጠረባል፤ ውጤቱ ጥርብ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ማእዘን ያወጣል፣ ፊት ያስተካክላል። የወፍጮ ወቃሪ ግን የወፍጮውን ቅርጽ አይነካም።

«ቀረጸ» ለዓይን የሚታይ ምስል ወይም ፊደል ያወጣል። ውጤቱ እንዲታይ ወይም እንዲነበብ የታሰበ ነው። የወፍጮ ውቅር የሚመዘነው በሚፈጨው ዱቄት እንጂ በመልኩ አይደለም።

«ፈለፈለ» ውስጥን ባዶ ያደርጋል። «ሞረደ» እና «ሳለ» የስለትን ጠርዝ ይመለከታሉ። «ጫረ» አንድ ጭረት ለማውጣትም ይበቃል፤ ጭረቱ ሥርዓት እንዲኖረው አይጠይቅም።

በወፍጮ አገባቡ «ወቀረ» ከእነዚህ ሁሉ የሚለይባቸው ሦስት ምልክቶች አሉት፦

ሀ) ሥራው በገጽ ላይ ነው፤ ቅርጽን አይለውጥም፤

ለ) ምልክቶቹ ጥቃቅን፣ ብዙና በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው፤ ገጹንም ይሸፍኑታል፤

ሐ) ምልክቶቹ በሥራ ብዛት ስለሚጠፉ ሥራው በየጊዜው ይታደሳል።

እነዚህ ሦስት ምልክቶች በበረዶ መንሸራተቻው ላይ የሚገኙ መሆናቸውን ቀጥለን እናያለን።

4. የመንሸራተቻው ገጽና የእጅ መሣሪያዎቹ

የአገር አቋራጭ በረዶ መንሸራተቻ ረጅምና ጠባብ ሲሆን፣ በረዶውን የሚነካው ታችኛው ገጹ ፖሊኤቲሊን በተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የካርቦን ዱቄት ይቀላቀልበታል። መንሸራተቻው ሲሄድ ሰበቃው ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ከገጹ በታች ያለውን በረዶ በጥቂቱ አቅልጦ እጅግ ስስ የሆነ የውኃ ሽፋን ያወጣል። መንሸራተቻው የሚንሸራተተው በአብዛኛው በዚህ ሽፋን ላይ ነው።

ችግሩ ያለው በሽፋኑ መጠን ነው። በረዶው ሞቆ ሲርስ ውኃው ይበዛል፤ ሁለት እርጥብ መስተዋቶች ሲነባበሩ እንደሚጣበቁ፣ ለስላሳው ገጽም በውኃው ላይ ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ ሰፋና ጠለቅ ያለ ትልም ያስፈልጋል፤ ትልሙ የውኃውን ሽፋን ይቆራርጣል፣ አየር ያስገባል፣ መሳሳቡን ያላላል። በረዶው ደረቅና እጅግ ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ ውኃው ያንሳል፤ የበረዶው ቅንጣትም ሹል ነው። በዚህ ጊዜ ጎላ ያለ ትልም ሰበቃን ስለሚጨምር ገጹ ደቃቅ ውቅር ብቻ እንዲኖረው ይደረጋል። በተለምዶ ለደረቅ በረዶ የሚመረጠው በትልምና በትልም መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ነው፤ ውኃ ላዘለ በረዶ ግን አንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።

መሠረታዊው ውቅር በፋብሪካ ወይም በሱቅ በሚገኝ ማሽን ይወጣል፤ የማሽኑም አሠራር ለወፍጮ አዋቂ እንግዳ አይሆንበትም። በማሽኑ ውስጥ የሚሽከረከር ድንጋይ አለ። ይህ ድንጋይ አስቀድሞ በአልማዝ ጫፍ ይወቀራል፤ ከዚያ በኋላ መንሸራተቻው በድንጋዩ ላይ ሲያልፍ የድንጋዩ ውቅር ወደ ፕላስቲኩ ይተላለፋል። እንግዲህ በዚህ ማሽን ውስጥ «ድንጋይ መውቀር» የሚለው አነጋገር ምሳሌያዊ አይደለም፤ በምዕራብ ሸዋ ወፍጮ ቤት የሚሠራው ሥራ ራሱ ነው።

የእጅ መሣሪያ የሚያስፈልገው በውድድሩ ቀን ነው። የአየሩ ሁኔታ በአንድ ሌሊት ሲለወጥ መንሸራተቻውን እንደ ገና ወደ ማሽን መውሰድ አይቻልም፤ ማሽኑም በተጠቀሙበት ቁጥር ከፕላስቲኩ ጥቂት ይልጣል። ስለዚህ ባለሙያው በመሠረታዊው ውቅር ላይ በእጁ ተጨማሪ ውቅር ያወጣል። መሣሪያዎቹ በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ዓይነት ተንከባላይ ነው። በእጀታ ውስጥ የተገጠመ፣ ትልም የወጣበት ትንሽ የብረት ጥቅል አለው፤ በገጹ ላይ ተጭኖ ሲንከባለል የትልሙን ምስል ያትማል። ከፕላስቲኩ የሚቆረጥ ነገር የለም፤ ፕላስቲኩ ይደፈጠጣል እንጂ። ስለዚህም ይህ ውቅር ጊዜያዊ ነው፤ በመንሸራተት ብዛትና በተለይም ገጹ ሰም ለመቀባት በካውያ ሲሞቅ ፕላስቲኩ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። ሁለተኛው ዓይነት ቆራጭ ነው። ሹል ጥርሶች አሉት፤ እየጫረ ትልም ያወጣል። ይህኛው ውቅር ዘላቂ ስለሆነ የሚጠፋው ገጹ በድንጋይ ሲታደስ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። ሰሙ በካውያ ቀልጦ ይቀባል፤ ሲቀዘቅዝ ትርፉ በመፋቂያ ይፋቃል፤ ገጹ በብሩሽ ይቦረሻል። ከዚህ በኋላ መንሸራተቻው ገጹ ወደ ላይ ሆኖ በማሰሪያ ይያዛል፤ መሣሪያውም ከፊተኛው ጫፍ ወደ ኋለኛው፣ ሳይቆም፣ በእኩል ጫና ይነዳል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም መሣሪያው ካዘመመ ትልሙ ይጣመማል። በመጨረሻ ገጹ ቀለል ባለ ብሩሽ ይጠረጋል። ጥንቁቅ ባለሙያ ሁልጊዜ ከደቃቁ ይጀምራል፤ በደቃቅ ላይ ጎላ ያለውን መጨመር ይቻላል፣ ጎላ ያለውን መመለስ ግን ያስቸግራል። የትልሙም አደራደር ይለያያል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ እየተቋረጠ የሚሄድ፣ እርስ በርሱ የሚተላለፍና እንደ ቀስት ጫፍ የሚሾል አለ።

ይህ የእጅ ሥራ ዛሬ ክብደቱ ጨምሯል። ቀድሞ ውኃን ለመግፋት ብዙ ሲታመንበት የነበረው ፍሎሪን ያለበት ሰም ለጤናና ለአካባቢ ጎጂ በመሆኑ ዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ከ2016 ዓ.ም. የውድድር ወቅት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከልክሎታል። ስለሆነም ሰሙ ይሠራው ከነበረው ከፊሉን የገጹ ውቅር እንዲሠራው ይጠበቃል።

5. መቃወሚያና መልሱ

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ወፍጮ የሚወቀረው እህሉን እንዲይዝ ነው፤ መንሸራተቻው ግን ትልም የሚወጣበት በረዶው እንዳይዘው ነው። ዓላማቸው ተቃራኒ ሆኖ ሳለ ሁለቱ እንዴት በአንድ ግስ ይጠራሉ?

መልሳችን፣ ግሱ የሚሰይመው ድርጊቱን እንጂ የድርጊቱን ዓላማ አይደለም የሚል ነው። ገበሬ ለዘር ያርሳል፤ ጉልጓሎውንም ያርሳል፤ ዓላማው ቢለያይም ግሱ አንድ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ሦስት ምልክቶች በመንሸራተቻው ላይ ሳይጓደሉ ይገኛሉ፦ ቅርጹ አይለወጥም፣ ገጹ በጥቃቅንና ሥርዓት ባላቸው ምልክቶች ይሸፈናል፣ ሥራውም ይታደሳል። ይህን ሁሉ «መዋቅር» አይናገርም። «ቀረጸ»፣ «ጠረበ» ወይም «ጫረ» ብንልም ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ይጎድላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ለነጠላው ጎድጓዳ መስመር ስለሚሰጠው ስም ነው። በግንጪ ዙሪያ ባለው ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ገበሬው ውኃ እንዳይቋጥር ቦይ ያወጣል። ውኃን ስለሚመለከት «ቦይ» የሚለው ቃል ለመንሸራተቻውም የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን በቦይ ውኃው ፈስሶ ይወርዳል፤ በመንሸራተቻው ገጽ ላይ ግን ዋናው ነገር ሽፋኑ መቆራረጡና አየር መግባቱ ነው። ስለዚህ ማረሻ የሚያወጣውን መስመር የሚያመለክተውን «ትልም» መርጠናል፤ ይህ ቃል ስለ ውኃ አፈሳሰስ ምንም ስለማይናገር አንባቢን አያሳስትም።

ሦስተኛው ጉዳይ የ«ውቅር» አሻሚነት ነው። «ውቅር» ብቻውን ሲነገር ላሊበላንም፣ ኮምፒዩተርንም ሊያስታውስ ይችላል። ስለሆነም በመጀመሪያ አገባቡ «የገጽ ውቅር» መባል አለበት፤ ጉዳዩ ከታወቀ በኋላ ግን «ውቅር» ብቻ ይበቃል።

6. የቀረቡ ስያሜዎች

ወቀረ (ግስ፤ ቀ ይጠብቃል) — 1. የወፍጮን ወይም የመጅን ገጽ በጥቃቅን ምት አሻከረ። 2. ዓለትን ፈልፍሎ ቅርጽ አወጣ። 3. (በበረዶ ሸርተቴ) የመንሸራተቻን ታችኛ ገጽ በሥርዓት በተደረደሩ ትልሞች ሸፈነ።

ወቀራ (ስም) — የመውቀር ሥራ።

የገጽ ውቅር (ስም፤ ቅ ይጠብቃል) — በወቀራ የወጣው የትልሞች ወይም የጉድጓዶች ሥርዓት።

ወቃሪ (ስም) — ወቀራ የሚሠራ ባለሙያ።

መውቀሪያ (ስም) — ለወቀራ የሚያገለግል የእጅ መሣሪያ። ተንከባላይ መውቀሪያ፦ ትልሙን ተጭኖ የሚያትም። ቆራጭ መውቀሪያ፦ ትልሙን እየጫረ የሚያወጣ።

ትልም (ስም) — በገጽ ውቅር ውስጥ ያለ ነጠላ ጎድጓዳ መስመር።

ደቃቅ ውቅር፣ ጎላ ያለ ውቅር — እንደ ቅደም ተከተላቸው ለደረቅና ለእርጥብ በረዶ የሚስማሙ።

የጫና ውቅር፣ የቁርጥ ውቅር — የመጀመሪያው በተንከባላይ መውቀሪያ የታተመና ጊዜያዊ፣ ሁለተኛው በቆራጭ መውቀሪያ የወጣና ዘላቂ።

ቀጥተኛ፣ ቁርጥራጭ፣ ተላላፊ፣ ቀስተኛ ውቅር — በትልሞቹ አደራደር የሚለዩ ዓይነቶች።

ዳግም ወቀራ (ስም) — ያለቀ ወይም የጠፋ ውቅርን ማደስ። ለወፍጮም ለመንሸራተቻም ይነገራል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከባዶ የተፈጠረ ቃል የለም። ሁሉም ከወፍጮ፣ ከእርሻና ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ ናቸው። ይሁን እንጂ ምንጩ ራሱ እየሳሳ መሆኑን ማስገንዘብ ይገባናል። ድንጋይ የሌላቸው የብረት ወፍጮዎች ወቀራ አይሹም፤ የእጅ ወፍጮ የማታውቅ ልጅም መጅንና ወቀራን የምትሰማበት አጋጣሚ አነስተኛ ነው። ስለሆነም በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪና በሌሎቹ ከተሞች የምትኖሩ መምህራንና አንባብያን፣ ወፍጮ የሚወቅሩ እናቶችና ባለ ወፍጮዎች የሚናገሯቸውን ቃላት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ከነአገባባቸው መዝግባችሁ እንድትልኩልን እንጠይቃለን። በተለይ የምንፈልጋቸው የመውቀሪያው የየአካባቢው ስሞች፣ የለሰለሰ ወፍጮ የሚጠራባቸው ቃላትና የወቀራ ደረጃዎች መለያ ስሞች ናቸው።